«ቀኑ ደርሶ ነው» ስለ ማለት

በአገራችን ሰው በሞተ ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ ጎረቤት ኀዘንተኛውን ለማጽናናት ከሚናገራቸው ቃላት አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከአባቶቻችን የወረስነውና የብዙ ሰው እንባ ያበሰ ስለ ሆነ በከንቱ ሊነቀፍ አይገባውም። እናት ልጇን ቀብራ ደረቷን በምትመታበት ሰዓት የሞቱን ምክንያት በቁጥርና በሚዛን እየዘረዘሩ መንገር ጭካኔ እንጂ ዕውቀት አይባልም። ዳሩ ግን ለማጽናናት የተፈጠረው ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ሲሄድ፥ በዚያም የአሠሪ ማምለጫና የፎርማን ማመካኛ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቃሉ እንባን ማበሱ ይቀርና ደምን የሚሸፍን ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው። ቦይ ሲቆፍር አፈር የተናደበት፥ ወይም ከመሰላል ላይ ወድቆ የሞተ ሠራተኛ በእውነት ቀኑ ደርሶ ነውን? ወይስ ሌላ ሰው ማድረግ የሚገባውን ነገር ሳያደርግ ስለ ቀረ ነው? ጥያቄውን ለእናንተ ለወጣቶች ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ መሐንዲስ፥ አንዳንዱ ሥራ ተቋራጭ፥ አንዳንዱ ፎርማን ይሆናል፤ አንዳንዱም ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ በክረምት ዕረፍት የቀን ሥራ ይሠራ ይሆናል። ቤት የሚያሠራ ሰውም ሁሉ፥ የሚያሠራው አንዲት ክፍል ብቻ እንኳ ብትሆን፥ ለዚያን ጊዜ አሠሪ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የማይነካው ሰው የለም።

ዘመናችን የግንባታ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ እኔ በወጣትነቴ የጭቃ ቤቶች ተደርድረው የማውቃቸው ሰፈሮች ዛሬ ፎቅ ቆሞባቸዋል፤ መንገዱም ለውሃ፥ ለፍሳሽና ለመብራት መስመር ሲባል በየጊዜው ይቆፈራል። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አካፋና ዶማ ይዘው ቀጣሪ የሚጠብቁ ልጆች በየመንገዱ ማዕዘን ተቀምጠው አያለሁ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። አፈርን የሚያውቁት በእርሻ ነው፤ ማረስና መኮትኮት፥ እህልም ማብቀል ይችሉበታል። መሬት የምታበላ እናት መሆኗን ከአባቶቻቸው ተምረዋል። ከሰው ቁመት በላይ ተቆፍራ ስትከፈት ግን ጠባይዋ እንደሚለወጥ ያስተማራቸው የለም።

እንግዲህ አፈር እንዴት እንደሚናድ አስቀድመን እንመልከት። ወርዱም ርዝመቱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ አፈር፥ እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ፥ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይመዝናል። ይህም የአንዲት አውቶሞቢል ያህል ክብደት ነው። አፈሩ ሳይቆፈር በፊት ይህ ሁሉ ሸክም በግራና በቀኝ ባለው ጎረቤቱ ተደግፎ ይኖራል። ቦይ በተቆፈረ ጊዜ ግን አንደኛው ደጋፊ ይወሰድበታል። ግድግዳው ለዓይን ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ወደ ባዶው ቦታ መግፋቱን አይተውም። በተለይ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በብዙ ሥፍራ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ማለዳ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የታየው ግድግዳ፥ ሌሊት ዝናብ ከመታው ወይም በአጠገቡ ከባድ መኪና ካለፈ፥ ሳይታሰብ ይወርዳል። ሲወርድም ለመሸሽ የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም። ሰውየው እስከ ደረቱ ብቻ ቢቀበር እንኳ፥ አፉና አፍንጫው ከአፈር በላይ ሆነው ሳለ፥ ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር አፈሩ እየተጠጋ ደረቱን ያስረዋል፤ ከዚህም የተነሣ አየር መሳብ ተስኖት ይሞታል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ወይ የቦዩን ግድግዳ ወደ ኋላ አዝልሞ መቁረጥ ነው፤ ወይ በግራና በቀኝ ጣውላ አቁሞ መካከሉን በጠንካራ እንጨት ወይም በብረት መወጠር ነው፤ ወይ ሠራተኛው በውስጡ የሚሠራበት የብረት ሣጥን ማስገባት ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ የደረሰ ቦይ፥ ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር፥ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሳይደረግለት ሰው እንዲገባበት አይፈቀድም። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ሲደርስም ሠራተኛው ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ሳይሮጥ የሚያገኘው መውጫ መሰላል መኖር አለበት። ተቆፍሮ የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየዕለቱ ሥራ ሳይጀመር፥ ዝናብም ከዘነበ በኋላ እንደ ገና፥ ግድግዳውን ይመረምራል።

የመሰላልም ነገር እንደዚሁ ነው። ለአራት ሜትር ከፍታ እግሩን አንድ ሜትር ከግድግዳው ማራቅ፤ በጽኑ መሬት ላይ ማቆም፤ ራሱን ከሚወጡበት ቦታ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግና ማሰር፤ ሲወጡና ሲወርዱ ፊትን ወደ መሰላሉ አዙሮ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱን ምን ጊዜም አለመልቀቅ። በየሥራው ቦታ ከባሕር ዛፍ አጠና በምስማር ተመትቶ የሚሠራው መሰላል መርገጫው በአንድ ምስማር ብቻ የተያዘ፥ እንጨቱም ገና ሳይደርቅ የተመታ ከሆነ፥ እንጨቱ ሲደርቅ ምስማሩ ይላላል፤ የላላውንም የሚያውቀው የመጨረሻው ረጋጭ ነው። አንዳንዱ ሰው መሰላሉን ለማሳመር ቀለም ይቀባዋል፤ ይህ ግን ስንጥቁን ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት እናንተን መሐንዲስ ለማድረግ አይደለም። ምክንያቱ የታወቀ፥ መድኃኒቱም የታወቀ ነገር ዕድል ሊባል የማይገባው መሆኑን ለማሳየት ነው። መብረቅ ሰውን ሲመታ የሚሆነውን ለማናውቀው ፍርድ እንተው ይሆናል። ሦስት ሜትር ተቆፍሮ ድጋፍ ያልቆመለት ቦይ በክረምት ሲናድ ግን ምን ምሥጢር አለበት? የማይናድ ቢሆን ነበር የሚደንቀው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጎልደን ጌት የሚባለው ትልቅ ድልድይ ከ1933 እስከ 1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተሠርቷል። በዚያ ዘመን ለትልቅ ሥራ በሚወጣው በእያንዳንዱ ሚሊዮን ዶላር አንድ ሰው ይሞታል ተብሎ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጠር ነበር። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ግን ይህን አልቀበልም ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ጠንካራ ቆብ እንዲያደርግ አዘዘ፤ ከ100,000 ዶላር በላይ አውጥቶም በድልድዩ ሥር ታላቅ መረብ ዘረጋ። ከላይ የወደቁ 19 ሰዎች በዚያ መረብ ላይ አርፈው ከሞት ዳኑ። እንግዲህ ልብ በሉ! መረቡ ባይኖር ኖሮ የነዚያ የ19 ሰዎች ጎረቤቶች ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ባሉ ነበር። መረቡ ስለ ነበረ ግን ቀናቸው አልደረሰም። የካቲት 17 ቀን 1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ከባድ መወጣጫ ተገንጥሎ መረቡን ቀድዶ ሲወርድ 10 ሰዎች ሞቱ። ይህም ቢሆን መረቡ ከንቱ ነበር የሚያሰኝ አይደለም፤ ለሰው መጠበቂያ የተዘረጋው ነገር የመወጣጫውን ክብደት የማይችል መሆኑን ያሳያል እንጂ።

ሌላም ማስረጃ አለ። አሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕጓን ባወጣችበት በ1970 በየቀኑ 38 ያህል ሠራተኞች በሥራ ላይ ይሞቱ ነበር። በ2019 ይህ ቁጥር ወደ 15 ወርዷል፤ የሠራተኛው ብዛት ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በ2012 በለንደን ለተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ የተሠራው ታላቅ የስፖርት ሥፍራም አንድ ሠራተኛ እንኳ ሳይሞት ተፈጽሟል። የሰው ቀን በአዋጅና በጣውላ የሚራዘም ከሆነ፥ ሳይራዘም በቀረ ጊዜ ጥፋቱን በሰማይ ላይ መጣል አግባብ አይደለም።

እምነታችንም ቢሆን ይህን ማመካኛ አይደግፍም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ቅዱስ መጽሐፍን በየማለዳው እናነብ ነበርና ሁለት ሕጎች እስከ ዛሬ በልቤ ቀርተዋል። አንደኛው በኦሪት ዘጸአት የሚገኘው ነው፤ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድነው የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት፥ የጉድጓዱ ባለቤት ዋጋውን ይክፈል ይላል። ሁለተኛው በኦሪት ዘዳግም ያለው ነው፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ ያድርግለት ይላል። ሕጉ የወደቀው ሰው ቀኑ ደርሶ እንደ ሆነ አይመራመርም፤ ጉድጓዱን ማን ከፈተ፥ መከታውንስ ማን አስቀረ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ለአህያ ዋጋ የሚከፈል ከሆነ ለሰው ልጅ ምን ያህል! በወንጌልም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለው ሐሳብ ግልጽ ሆኖ ተነቅፏል። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው የራሱን ስንፍና የእግዚአብሔር ፈቃድ ብሎ አይጠራም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ማመካኛ «ነግሬው ነበር» የሚለው ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በማስተማር ስላሳለፍሁ ይህን ማመካኛ ከሁሉ ይልቅ ዐውቀዋለሁ። መንገርና ማስተማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገር በተናጋሪው አፍ ይፈጸማል፤ ማስተማር ግን በተማሪው እጅና ልብ ካልታየ አልተፈጸመም። በልጅነታችን የእንጨት ሥራ ያስተምሩን የነበሩት ሽማግሌ መምህር «ገብቷችኋል?» ብለው ጠይቀውን አያውቁም። መጋዙን ያስይዙንና «አሳየኝ» ይሉ ነበር። ያላሳየ ልጅ የቱንም ያህል «ገብቶኛል» ቢል መጋዝ አይነካም። ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ራሴ መምህር በሆንሁ ጊዜ፥ ጥያቄ ያልተጠየቀ ተማሪ ሁሉ ራሱን እንደሚነቀንቅ ተረዳሁ። ራስ መነቅነቅ የአክብሮት ምልክት ነው እንጂ የመረዳት ምልክት አይደለም።

ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ዛሬ ፎርማን ነው። ጨዋ፥ ታታሪም ሰው ነው። አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና ስንጠጣ ስለ ሥራው ብዙ አጫወተኝና፥ ነገር ከነገር ሲነሣ ስለ አደጋ ጠየቅሁት።

«መምህር፥ እኔ ከዚህ የበለጠ ምን ላድርግ? ጠዋት ጠዋት ሰብስቤ ‹ተጠንቀቁ› እላቸዋለሁ» አለኝ።

«ከምን እንደሚጠነቀቁስ ትነግራቸዋለህ?» አልሁት።

«ያውቁት የለም እንዴ? ጉድጓድ ጉድጓድ ነው።»

«እስቲ አንዱን ብቻ ጠርተህ ጣውላው ለምን እንደ ቆመ ጠይቀው። የሚመልስልህንም ለእኔ ንገረኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚያ ቀን እንደ ሌላው ጊዜ አልተጫወተም። ከቆፋሪዎቹ አንዱን፥ ከገጠር ከመጣ ስድስት ወር የሆነውን ልጅ፥ ጠይቆት ኖሯል። ልጁም «አፈሩ ተመልሶ እየገባ እንደ ገና እንዳንቆፍር ነው» ብሎ መለሰለት። «መምህር፥ ልጁ ጣውላውን ለቦዩ የቆመ ነው ብሎ ያስባል እኮ! ለእርሱ መሆኑን ማንም አልነገረውም» አለኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ የዚያን ልጅ መልስ ደጋግማችሁ አስቡት። በሥራው ቦታ ላይ ያየው ነገር ሁሉ፥ ሲሚንቶውም ብረቱም ጣውላውም፥ ለሕንፃው ሲባል የመጣ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ለእርሱ ለራሱ ሕይወት ተብሎ የመጣ ነገር ይኖራል ብሎ አላሰበም። ጣውላው ሥራውን የሚጠብቅ ከመሰለው ደግሞ ሥራው ሊያልቅ ሲል፥ ወይም ጣውላው ለሌላ ሥፍራ ሲፈለግ፥ ራሱ ነቅሎ ይወስደዋል። ሥልጠና የምንለው ነገር መጀመሪያው ደንብ ማስቆጠር አይደለም። «አንተ ዋጋ አለህ፤ ይህ ጣውላ ስለ አንተ ነው የቆመው» ብሎ ሰውን ማሳመን ነው። ይህንም በሚያውቀው ቋንቋ መንገር ይገባል። ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ በአማርኛ ተጣድፎ የተነገረ ማስጠንቀቂያ፥ ወይም ማንበብ ለማይችል ሰው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ፥ የተናጋሪውን ኅሊና ያሳርፍ እንደ ሆነ ነው እንጂ የሰሚውን ሕይወት አይጠብቅም።

የአገራችንም ሕግ ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብታቸው መሆኑን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደገኛነትና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንዲያሳውቅ፥ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዝዛል። ሕጉ መሣሪያውን ሰጥቶ ዝም ማለትን አልፈቀደም።

ሦስተኛው ማመካኛ ከሁሉ ይልቅ የረቀቀ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። «ወዶ ነው የገባው፤ ማንም አላስገደደውም» ይባላል። በመልኩ ሲታይ ይህ የነፃነት ንግግር ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ አደጋን ከመረጠ ሌላው ለምን ይጠየቃል? ነገር ግን ፈቃድ እውነተኛ ይባል ዘንድ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፥ የሚፈቅደው ሰው የፈቀደውን ነገር ማወቅ አለበት። ግድግዳው ለምን እንደሚናድ የማያውቅ ልጅ የፈቀደው ለመቆፈር ነው እንጂ ለመቀበር አይደለም። ሁለተኛ፥ እምቢ ማለት መቻል አለበት። ትናንት ማታ እራት ያልበላ፥ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፥ «አልገባም» ቢል ከበሩ ውጭ ቦታውን የሚመኙ ሃያ ሰዎች የቆሙበት ሰው እሺ ማለቱን በምን እንመዝነዋለን? ራብ ሰውን እጁን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሲያወርደው፥ ራብን አስገዳጅ አይደለም የምንለው እጅ ስለሌለው ብቻ ነውን?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ከንቱ አይደለም። «አሠሪው ለጣውላ፥ ለመሰላል፥ ለሥልጠና ብዙ ገንዘብ ካወጣ ሥራው ይወደዳል፤ ሥራ ከተወደደ ቀጣሪ ያንሳል፤ ያን ጊዜ የሚራበው ያው ድኻው ነው» የሚሉ አሉ። እኔም ወጪ የለውም ብዬ አልዋሽም። ጣውላ ዋጋ አለው፥ ጊዜም ዋጋ አለው። ግን ወጪው ሳይወጣ ሲቀር የት እንደሚሄድ እንመርምር። አይጠፋም፤ ባለቤቱን ይለውጣል እንጂ። አሠሪው ያላወጣውን ገንዘብ የሟች እናት፥ ጀርባው የተሰበረው ሰው ሚስት፥ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ይከፍሉታል። በርካሽ ተሠራ የሚባለው ቤት በእውነቱ ርካሽ አይደለም፤ ከዋጋው ከፊሉን የከፈለው ሌላ ሰው ስለ ሆነ ነው ርካሽ የሚመስለው። ድኻ ለባለጠጋ ቅናሽ በሕይወቱ ሊያደርግለት ይገባልን?

ደግሞም እውነተኛ የሆነ ሥራ ተቋራጭ በጨረታ ላይ የድጋፉን ዋጋ ጨምሮ ሲያቀርብ፥ ሌላው ደጋፊ ጣውላ በሌለበት ዋጋ ያሸንፈዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ደግነት ብቻውን ነገሩን አያቃናም። ሕጉ በሁሉ ላይ እኩል ሊጸና፥ ተቆጣጣሪውም ጉድጓዱ ድረስ ወርዶ ሊያይ ይገባል። ሰኔ 2014 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት አባል አገሮች በጄኔቫ ተሰብስበው፥ ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር እንዲቆጠር ወስነዋል። ይኸው ድርጅት በሥራ ምክንያት በሚመጣ አደጋና በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ገልጿል። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው በበሽታ ነው፤ በአደጋ ብቻ የሚሞተው ግን ከ300,000 በላይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ለአሠሪውና ለአለቃው ነበር። ዳሩ ግን ከሠራተኛው ወገን የሚመጣ ስሕተትም አለ፤ እርሱም ጀግንነትን በተሳሳተ ቦታ መፈለግ ነው። «ቆብ አላደርግም፥ መታጠቂያ አላስርም፤ ፈሪ ይሉኛል» የሚል ወጣት ብዙ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ፈሪ ከመባል ሞትን የምንመርጥ ሕዝብ መሆናችን ያስመሰግነናል። ይሁን እንጂ ጀግንነት የሚለካው በአደጋው ታላቅነት ሳይሆን አደጋው በተወሰደለት ነገር ታላቅነት ነው። በሚቃጠል ቤት ውስጥ ሕፃን ለማውጣት የገባ ሰው ጀግና ነው። መሰላሉን ለማሰር የሚፈጀውን አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ ብሎ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው ግን ለምን ነገር ሞተ ሊባል ነው? ለአምስት ደቂቃ! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ከፎቅ የፈሰሰ ሰው ግን ተለቅሞ አይሞላም።

ከዚህም የበለጠ የሚያሳዝን ነገር አለ። አፈር በጓደኛው ላይ ሲናድ ያየ ሠራተኛ ሳያስብ ዘልሎ ይገባል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ግድግዳ ሁለተኛ ሊናድ የተዘጋጀ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የተቆፈረው ጉድጓድ ለሁለትና ለሦስት ሰው መቃብር ይሆናል። እንዲህ ባለ ሰዓት መጀመሪያ መጮኽና ርዳታ መጥራት፥ ሌላውን ሰውና መኪናውን ከቦዩ አፍ ማራቅ፥ ግድግዳውንም መደገፍ ይገባል፤ በተቀበረው ሰው አጠገብም በማሽን ሳይሆን በእጅና በአካፋ በጥንቃቄ መቆፈር ነው። ፍቅርም ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ያልሠለጠነ ፍቅር የሚወደውን ሳያድን ራሱን ያጠፋል።

ሠራተኛው ለራሱና ለባልንጀራው ሌላም ግዴታ አለበት። የተሰበረ መርገጫ ያየ ሰው ራሱ በጥንቃቄ ወጥቶ ቢወርድና ዝም ቢል፥ ከእርሱ በኋላ ለሚወጣው ወጥመድ ትቶለታል ማለት ነው። ሕጉ አሠሪው የተቃረበ አደጋ መኖሩን ዐውቆ በጊዜው ሳያስተካክል ከቀረ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊተው እንደሚችል ይፈቅዳል። አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ቢል ግን ይባረር ይሆናል፤ ይህን መካድ አይቻልም። አሥሩም አብረው «ጣውላው ይቁምና እንገባለን» ቢሉ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። እድርና ደቦ የፈጠረ ሕዝብ ይህን ጥበብ ከውጭ አገር መማር አያስፈልገውም። እድርተኛ ሁሉ ለቀብር ይሰበሰባል፤ ከቀብሩ በፊት በጉድጓዱ አፍ ላይ መሰብሰብን ብንጨምርበት ምን ይጎዳናል?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ መልሱ ይህ ይመስለኛል። የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው የሚለውን እምነት አልቃወምም፤ እኔም አምነዋለሁ። ነገር ግን እግዚአብሔር የባልንጀራችንን ዕድሜ በከፊል በእኛ እጅ አኑሮታል። ጣውላውን፥ መሰላሉን፥ ገመዱን፥ የሚያስተምረውንም ምላስ የሰጠን ለዚህ ነው። በእኛ እጅ የተኖረውን ነገር ጥለን ስናበቃ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብንል የአደራ ገንዘብ አጥፍቶ ሌባ ወሰደው እንደሚል ሰው እንሆናለን።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ መሐንዲስ ስትሆኑ፥ የድጋፉን ዋጋ ከሂሳቡ ላይ የመጀመሪያው መስመር አድርጋችሁ ጻፉት እንጂ ከመጨረሻው አትሰርዙት። ፎርማን ስትሆኑ፥ «ገብቷችኋል?» ማለትን ትታችሁ «አሳዩኝ» በሉ። ሠራተኛ ስትሆኑ፥ የማታውቁትን ጠይቁ፤ የጠየቀ ሰው ለጊዜው ያፍራል፥ ያልጠየቀ ግን በቤተ ሰቡ ላይ ዕዳ ይጥላል። ቤት ስታሠሩም፥ የቆፋሪውን ስም ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ስሙን የምታውቁትን ሰው ድጋፍ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ በሰላም ምሳ መብላት ይከብዳችኋልና። ይህን ሁሉ አድርገን ሞት ከመጣ፥ ያን ጊዜ ከኀዘንተኛው አጠገብ ተቀምጠን አባቶቻችን ያወረሱንን ቃል ሳናፍር እንናገራለን።